ታፔላ ጻፊው ያወጣው መንገድ

ጋሽ ብሩሽ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ከመታወቂያ ካርዱ በስተቀር የሚያስታውሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የዳቦ ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጎማ ጠጋኙ፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ ሁሉም የእሱ እጅ ናቸው። በጎማ ጠጋኙ አጥር ላይ «ውሻው ይናከሳል» የሚለውንም የጻፈው እሱ ነው፤ ውሻው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ጽሑፉ ግን እስከ ዛሬ ሰው ያስደነግጣል። በዋናው መንገድ ሲያልፍ እንደ እኔና እንደ እናንተ ሱቅ አያይም፤ ፊደል ነው የሚያየው። «ይቺን ፊደል አንገቷን አጣምሜያታለሁ፤ የዚያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር» እያለ ራሱን ያማል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት አንገቱን ደፍቶ የሄደው። ሰው ወገቡን ቢያመው ነው አለ። እሱም «አዎ፣ ወገቤን ነው» ይል ነበር። ወገቡ ግን ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም።

ሥራ ቤቱ ከጋራዥ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር ላሜራ በሁለት የእንጨት እግሮች ላይ ተጋድሞ ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ብሩሾቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል። ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አለች፣ ፊቷ ላይ ራሱ በጥቁርና በነጭ ቀለም ዳማ የሣለባት። ጠጠሮቹ የጠርሙስ ቆርኪ ናቸው፤ የእሱ ፊታቸውን ወደ ላይ ያደርጋሉ፣ የቦቴ ይገለበጣሉ።

ቦቴ የሚባለው የውሃ ቦቴ ስለሚነዳ ነው፤ ሆዱም ስሙን አላሳፈረውም። ከጋሽ ብሩሽ ጋር እኩያ ናቸው፣ ቦቴ ከተማ በዋለ ቁጥር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በምሳ ሰዓት ዳማ ተጫውተዋል። ቦቴ ሲሸነፍ «ቀለምህ ራሴን አዞረኝ እንጂ» ይላል፤ ሲያሸንፍ ግን ቀለሙ ምንም አያደርገውም።

ሁለቱንም ሰዎች ያስተሳሰራቸው ሌላ ነገር በረሃው ነው።

ከከተማው ሁለት ሰዓት ተነድቶ በረሃው ይጀምራል። ከበረሃው ማዶ ተራሮቹ አሉ፣ ጠዋት የዳቦ ቅርፊት የሚመስሉ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጋሽ ብሩሽ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በጥብጦ ያላገኘው ቀለም የሚለብሱ። መሬቱ የማንም አይደለም፤ ማለት የሁሉም ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ያስተዳድረዋል እንጂ በር የለው፣ ትኬት የለው፣ ደረሰኝ የለው። የፈለገ ሰው ድንኳኑን ይዞ ይሄዳል፣ ይተክላል፣ ያድራል። ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ መጸዳጃ ቤት የለም። ለዚህም አካፋ ይዞ መሄድና ራቅ ብሎ መቆፈር ነው። ድስት በአሸዋ ይታጠባል። ሰው ሲሰማው ቅጣት ይመስለዋል፤ አንድ ጊዜ የሄደ ግን በየዓመቱ ቀኑን ይቆጥራል።

በመንገዱ ዳር የቆሙት አሥራ አንድ ታፔላዎችም የጋሽ ብሩሽ ናቸው። ቃል በቃል ያስታውሳቸዋል። «ይህ መሬት የሁላችን ነው። ያለ ክፍያ ማደር ይቻላል። ውሃ ይዘው ይምጡ። ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ። ከአሥራ አራት ቀን በላይ አይቆዩ።» ከሥር ደግሞ በቀይ፣ «መኪና ከመንገድ አይውጣ።» ቀዩ የእሱ ሐሳብ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሁሉንም በጥቁር ጻፍ ሲለው፣ «ይቺ መስመር ለብቻዋ ልትጮህ ይገባታል» ብሎ ተከራክሮ ነው ያስፈቀደው። የበረሃው ገጽ ስስ ቅርፊት እንዳለው፣ ያ ቅርፊት አንዴ ከተሰበረ ዕድሜ ልክ እንደማይሽር ያኔ ነገሩት። እሱም ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሲናገር ከረመ።

በየዓመቱ ብርዱ ሲመጣ ጋሽ ብሩሽ፣ ባለቤቱና የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ለአራት ቀን ይሄዳሉ። ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላሱ ከመቀሱ ቀድሞ የሚሠራ ዓይነት ሰው ነው፤ ደንበኞቹ ግማሹ ለፀጉር ግማሹ ለወሬ ይመጣሉ። የሚያድሩት መንገዱ ዳር፣ ከእነሱ በፊት ብዙ ሰው ባደረበት፣ ድንጋይ ተከቦ እሳት በሚነድበት ደልዳላ ቦታ ነው። ከዚያ ተራራው ሥር ለመድረስ በእግር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ተራራው ሥር አንድ ዛፍ ነበር። በዚያ ሁሉ በረሃ አንድ። ጠዋት ጠዋት ዳቦውን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውንና ሦስቱን ታጣፊ ወንበሮች ተሸክመው ወደዚያ ይሄዳሉ፣ ጥላው ሥር ይውላሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳሉ። ቦቴ ደግሞ ለመንገድ ሠራተኞች ውሃ ሊያደርስ በዚያ ያልፋል። ድንኳን ባየ ቁጥር ይቆምና ሳይጠየቅ የሰውን ጀሪካን ሁሉ ይሞላል። «በረሃ ላይ እኔ ሚኒስትር ነኝ። ስደርስ ሰው ብድግ ይላል» ይል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ጋሽ ብሩሽ ፒካፕ የገዛ ጊዜ ነው። አሮጌ ናት፤ ግን ቀለሟን ራሱ ቀብቶ፣ በሯ ላይ ስሙን ጥላ ያጠላ በሚመስል የጥላ ፊደል ጽፎ፣ «በዚህ ዋጋ ከሻጩ ቀምቻት ነው ማለት ይቻላል» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አስጎብኝቷል። በመጀመሪያው ጉዞ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ወንበሮቹን ሊሸከሙ ሲሉ ፀጉር አስተካካዩ ፒካፗን ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ለምንድን ነው የተገዛችው?»

«ልትነዳ ነዋ።»

«አይ፣ እኔስ አልመሰለኝም። እሷ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ቆማለች፣ እኛ እንደ አህያ ልንጫን ነው።»

«መኪና ከመንገድ አይወጣም።»

«ማን አለ?»

«ታፔላው።»

«ታፔላውን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እህ! ታዲያ ሰው የገዛ እጁን ይፈራል?»

ባለቤቱ ጣልቃ ገባች። «አንተ ልጅ ነገር አትቆስቁስ። በእግራችን እንሄዳለን።»

«እትዬ፣ ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን ማን ጠየቀህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በዚህ ድምፅ ነው እንግዲህ ደንበኞቹን የሚያናዝዘው። «ወይስ ጋሼ... ሻጩ ሸውዶሃል? አሸዋ ላይ የማትወጣ ከሆነች ንገረን፤ ቤተሰብ ነን፣ ከእኛ አያልፍም።»

ይቺ ነች የነካችው። ስለ ጉልበት ቢያወራ ኖሮ ምንም አልነበረም። ጋሽ ብሩሽ ማንቆርቆሪያውን ከኋላ ወረወረና «ግቡ» አለ። ባለቤቱ አልገባችም፤ በእግሯ ቀደመች።

ቅርፊቱ ጎማው ሥር ሲሰበር ድምፅ ነበረው። የደረቀ ዳቦ በጥርስ ሲሰበር ዓይነት ድምፅ፣ ሳያቋርጥ፣ እስከ ዛፉ ድረስ። ግማሽ መንገድ ላይ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሁለት መስመር ከኋላው ይዘረጋል፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ። ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር የኖረ ሰው፣ እንደዚያ ቀን ቀጥ ያለ መስመር አስጠልቶት አያውቅም። ያኔ መቆም ይችል ነበር። አልቆመም። ፀጉር አስተካካዩ አጠገቡ ተቀምጦ «አቤት! አቤት ጉልበት!» እያለ ዳሽቦርዱን ይመታ ነበር።

ባለቤቱ ዛፉ ሥር ስትደርስ ሻዩ ፈልቷል። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ መስመሮቹን አየች፣ ሻይዋን ጠጣች።

«ለጉልበትሽ ብዬ ነው» አላት።

«በጉልበቴ አታመካኝ» አለችው።

ሲመለሱ በዚያው መስመር መጡ። ከመንገዱ ጋር ሲገናኙ ከፊታቸው ሰባተኛው ታፔላ ቆሟል፤ ቀዩ ጽሑፍ የገዛ እጁ ነው። ዓይኑን ከፊደሎቹ መለሰ። «ነፋሱ ያጠፋዋል» አለ። ከተማ ሲገቡ ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን መታ አደረገውና «ጋሼ፣ አይዞህ፤ አፌ ተሰፍቷል» አለ። በዕድሜው የጠበቀው አንድ ምስጢር ቢኖር ይኸው ሆነ፤ እሱንም የጠበቀው ቆስቋሹ ራሱ ስለሆነ ነው።

ነፋሱ አላጠፋውም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጽሕፈት ቤቱ መስመሩን አገኘው። በዚያ ወር በዚያ በረሃ መኪና ይዞ ሲመላለስ የሚታወቅ አንድ ሰው ነው። ቦቴን ጠሩት።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ቦቴ መጥቶ ዳማው ፊት ተቀመጠ፤ ግን ቆርኪዎቹን አልደረደረም።

«ከበረሃው አነሱኝ» አለ።

ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። «ለምን?»

«ከመንገድ ወጥተህ እስከ ዛፉ ነድተሃል አሉኝ። ስማ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት በዚያ ስመላለስ አንዲት ጎማ ከመንገድ አውጥቼ አላውቅም። አልሄድኩም ብል፣ ብምል፣ ማን ይስማኝ! ከነገ ጀምሮ ከተማ ውስጥ አቧራ ላይ ውሃ አርከፍክፍ ተብያለሁ።»

«ሆ...» አለ ጋሽ ብሩሽ።

«አንተ እንኳ ታምነኛለህ አይደል?»

ክፍሏ ጠበበችው። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ልክ ሰው ሊያስነጥስ ሲል እንደሚሆነው። የቦቴን ዓይን አየ። የላሜራውን ጽሑፍ አየ። ከዚያም ራሱን ሰማው፣ «አምንሃለሁ» ሲል።

ሐሰት አልነበረም፣ ይህ ነው ጉዱ። ከማንም በላይ ያምነው ነበር። በከተማው ውስጥ ቦቴ ንጹሕ መሆኑን በርግጥ የሚያውቅ አንድ ሰው እሱ ነበር። ቦቴ ግን ቃሉን እንደ ወዳጅ ቃል ይዞ፣ «እግዜር ይስጥህ። ይቺን ሰምቼ ነው የምተኛው» ብሎ ቆርኪዎቹን መደርደር ጀመረ። የዚያን ቀን ጋሽ ብሩሽ አራት ጊዜ ተሸነፈ።

ነገ እነግረዋለሁ አለ። ነገ ዝናብ ሆነ። ከነገ ወዲያ ቦቴ ከእህቱ ልጅ ጋር መጣ፣ በሰው ፊት አይሆንም። በሳምንቱ ቦቴ ተሳስቆ መጣ፣ ደስታውን ለምን ላበላሽበት። በወሩ ደግሞ «እስከ አሁን የት ነበርክ ቢለኝስ?» የሚል አዲስ ፍርሃት መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሆኖ ከመጀመሪያው ጥፋት በላይ ወፈረ።

ቦቴ አቧራ ማርከፍከፉን ፈጽሞ አልወደደውም። «ትናንት አንዲት ሴትዮ ያሰጣችውን አንሶላ ነካሁባት። እናቴንም አያቴንም ከየመቃብራቸው ጠራችልኝ» ይላል። ያስቃል፤ ጋሽ ብሩሽም ይስቃል። ቦቴ ስቆ ሲያበቃ ግን በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በረሃው ያያል። «አሁን በዚህ ሰዓት እዚያ ሆኜ ጀሪካን እሞላ ነበር።» ጋሽ ብሩሽ ያኔ ብሩሽ ሊያጥብ ይነሳል። ብሩሹ ንጹሕ ነው።

በዓመቱ ቀኑ ሲደርስ አልሄድም ማለት አልቻለም፤ «ወገቤን» ቢል ባለቤቱ ታውቅበታለች። ሄዱ። መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው፣ እንዲያውም ሰፍተዋል። ሰዉ ተከትሏቸዋል። ዛፉ ሥር ሦስት መኪና ቆሟል፣ ግንዱን ተደግፎ እሳት ይነዳል። እነሱ ወንበራቸውን ተሸክመው በእግር ሲመጡ ያየ አንድ ጎልማሳ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ ጮኸ።

«ጋሼ! ለምን ይለፋሉ? መንገድ አለኮ! መኪናዎን ይዘው ይምጡ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ብሩሽን አየት አድርጋ፣ «ሂድና መንገድ አይደለም በለው» አለችው። ሄደ። ሰውየው አጠገብ ደርሶ «ይህ መንገድ አይደለም» አለ። ሰውየው ደግ ነው፤ መሬቱን በጣቱ አሳየውና «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለ፣ ልጅን እንደሚያባብል። ሻይ ጋበዙት፤ ጠጣ።

በሦስተኛው ዓመት ዛፉ አልነበረም። ጉቶው ቀርቷል፣ ዙሪያው አመድና የሰርዲን ቆርቆሮ። ባለቤቱ ጉቶው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ ቆየች። ቤት ሲገቡ፣ ማንቆርቆሪያውን መደርደሪያ ላይ እያስቀመጠች፣ «ዛፉስ አንዴ ሄዷል። ያ ሰውዬ ግን አለ፤ በየቀኑ ፊትህ ይቀመጣል» አለችው።

ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ወር ነው። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ከሰባተኛው ታፔላ ጎን አዲስ ይጻፍ፣ «ይህ መንገድ አይደለም» ተብሎ። ሁለተኛው ለእሱ የተጻፈ አልነበረም፤ ለሁሉም ሠራተኛ የተላለፈ ማስታወቂያ ነው። የቦቴው ሾፌር ጉዳይ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ የበረሃው ሥራ ለሌላ ሾፌር ለዘለቄታው ይሰጣል።

ላሜራውን አጋደመ። ነጩን ቀባ፣ ክር ወጥሮ መስመር አሰመረ። «ይህ» ብሎ ጻፈ። «መንገድ» ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ እያለ ቦቴ ገባ። ከጀርባው ቆሞ አነበበ። ደብዳቤውን ሰምቷል፤ ግን ቦቴ ቦቴ ነው።

«ቦታ ይተርፍሃል?»

«የምን ቦታ?»

«ከሥሩ። 'ቦቴ አላወጣውም' ብለህ ጻፍልኝ። ትንሽ ትሁን፣ በጥቁር።» ሳቀና ትከሻውን መታው። «ተወው፤ አንተ ቀይ ካልክ ቀይ ይሁን።»

ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን ቀለም ነክሮ ቀጠለ። የ«አይደለም» የመጀመሪያ ፊደል ተጣመመ። በሠላሳ አንድ ዓመት ጤነኛ ሆኖ ያጣመመው የመጀመሪያው ፊደል ነው። ቦቴ አየው። «ወገብህ ባሰብህ እንዴ?» አለ፣ አዝኖ።

ታፔላውን ሊተክሉ የሄዱት ሐሙስ ነው፣ ጋሽ ብሩሽና በቅርቡ የተቀጠረች ወጣት የመሬት ጠባቂ። ልጅቷ ቁጥብ ናት፤ በጋሽ ብሩሽ ፒካፕ ኋላ የደረቀ ቁጥቋጦ፣ አካፋና የብረት ጥርስ ያለው የአትክልት መቧጠጫ ጭናለች። ታፔላው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆመ። ጋሽ ብሩሽ መሄዳችን ነው ሲል፣ እሷ መስመሩ ላይ ተንበርክካ ትቧጥጥ ጀመር።

«ምን እየሠራሽ ነው ልጄ?»

«መስመሩን እየደበቅኩ ነዋ። ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ታፔላ የሚያነብ የለም። ሰው መስመር ሲያይ ይከተላል። መስመሩ ከዓይኑ ከጠፋ ግን መኪናው እንኳ አይዞርም።»

ቁጥቋጦውን በመስመሩ መሐል እንደበቀለ አድርጋ ትተክላለች፣ ድንጋይ ከሩቅ አምጥታ ትበትናለች። እሱም አጎንብሶ ድንጋይ ያቀብላት ጀመር። አንዱን ሲያስቀምጥ እጁን ያዘችው።

«ይገልብጡት። የበረሃ ድንጋይ ፀሐይ የመታው ጎኑ ጥቁር ነው፤ መሬት የነካው ነጭ። ነጩ ወደ ላይ ከሆነ ሰው እጅ እንዳስቀመጠው ይታወቃል።» መቧጠጫዋን መልሳ እያነሳች፣ «መጀመሪያ ያወጣውን ሰው ባገኘው ብዬ አስብ ነበር። እዚህ አምጥቼ ይቺን ድንጋይ አንድ በአንድ ላስገለብጠው» አለች።

ጋሽ ብሩሽ ድንጋዩን ገለበጠ። ቀና አላለም። «አግኝተሽዋል» አላት።

አልገባትም።

«ቦቴ አይደለም። እኔ ነኝ። አሁን በመጣንባት በዚችው መኪና፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። ቀዩን መስመር እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የሻርኩትም እኔው ነኝ።»

ጠባቂዋ ተረከዟ ላይ ቁጭ አለች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ ልጁ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። እሷ ግን በሯ ላይ ስሙ በጥላ ፊደል የተጻፈባትን ፒካፕ አየችና፣ «ለኃላፊው በጽሑፍ ይሰጣሉ። ነገ» አለች። ቀጥላም፣ «ሾፌሩ ግን ከወረቀት ባይሰማው ጥሩ ነው» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን ሰጠ። በምሳ ሰዓት ቦቴ መጣ፣ ቆርኪዎቹን ደረደረ፣ «ጀምር» አለ። ጋሽ ብሩሽ ቆርኪ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፣ ስለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ስለ ባለቤቱ ጉልበት፣ ስለ አዲስ መኪና። ሁሉም ማመካኛ መሆኑ አፉን ሲከፍት ነው የታየው።

«እስከ ዛፉ የነዳሁት እኔ ነኝ።»

ቦቴ ቀልድ ይከተላል ብሎ ጠበቀ። ሳይመጣ ሲቀር ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«መቼ?»

«ያኔ። አንተን ከማንሳታቸው በፊት።»

«ከማንሳታቸው በፊት።» ቦቴ ቃሉን እንደ ጎምዛዛ ነገር አላመጠው። «እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ታምነኛለህ ስልህ...»

«አውቅ ነበር።»

«አምንሃለሁ አልከኝ።»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ አመሰገንኩህ!» ድምፁ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ለሚስቴ ነገርኳት። 'ከተማው ሁሉ ቢያማኝ ጋሽ ብሩሽ ያምነኛል' ብያት... ወይኔ! አንተ ሰው፣ በሳቅኩ ቁጥር አብረኸኝ ትስቅ ነበር እኮ!»

ቦቴ ተነሳ። የተገለበጡትን ቆርኪዎች አንድ በአንድ ለቀመ፣ አሥራ ሁለቱን፣ ኪሱ ከተተና ወጣ። በሩን በኃይል አልዘጋውም። ክፍት ተወው።

ጽሕፈት ቤቱ ቦቴን ወደ በረሃው መለሰው። ጋሽ ብሩሽ የአንድ ዓመት የማደር ክልከላ ተጣለበት፤ በዚያ ላይ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲደብቅ ታዘዘ። ታፔላ ጻፊነቱን አልነጠቁትም፤ ራሱ ግን በፒካፗ በር ላይ ያለውን የጥላ ፊደል ፍቆ አጠፋው። ወሬው በከተማው ሲዞር ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «አንተስ የት ነበርክ?» ብለው ሲይዙት ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉር ብቻ ቆረጠ። ጋሽ ብሩሽ ደግሞ ዳቦ ቤት ሲገባ ሰልፉ ዝም ይላል። አንዲት አሮጊት ብቻ ፊት ለፊት «እርስዎም እንዲህ ያደርጋሉ?» አለችው። «አደረግሁ እናቴ» አላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። መኪናውን መንገዱ ዳር ያቆምና በእግሩ ይገባል፤ ይቧጥጣል፣ ቁጥቋጦ ይተክላል፣ ድንጋይ ይገለብጣል። ባለቤቱ አንዳንዴ ትከተለዋለች፤ ጉቶው ላይ ተቀምጣ ሻይ ታፈላለች፣ ወንበር አልያዙም። የውሃው ቦቴ ከሩቅ አቧራ እያስነሳ ይመጣል። ሌሎቹ ድንኳኖች ዘንድ ይቆማል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ ሰው ብድግ ይላል። ከጋሽ ብሩሽ ፊት ሲደርስ ሳይቆም ያልፋል። አሥራ ስድስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ጋሽ ብሩሽ በየጊዜው ቀና ይልና እጁን ሊያነሳ ሲል ይተወዋል።

በአሥራ ሰባተኛው ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ የቦቴው ድምፅ ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። ጋሽ ብሩሽ ተንበርክኮ ነበር፤ ለመነሳትም ለመቅረትም ጊዜ አጣ። ቦቴ ከከፍተኛው ጋቢና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን አውጥቶ ተደግፎ፣ መስመሩን እስከ ተራራው ሥር በዓይኑ ተከተለው።

«ከላይ ይታያል» አለ።

ከዚያች ቀን ወዲህ የሰማው የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ጋሽ ብሩሽ ቀና አለ። «የቱ?»

«ከኋላህ። ሦስቱ ድንጋይ። ነጭ ናቸው።»

ዞሮ አየ። ከመሬት ለሚያይ ምንም አይለዩም። ሄዶ አንዱን ሊገለብጥ አጎነበሰ።

«እሱ አይደለም። ግራህ። ግራህን አታውቅም?»

ገለበጠ።

«ሌላው ከቁጥቋጦው ሥር።»

ያንንም ገለበጠ። ሩቅ ጉቶው ላይ ያለችው ባለቤቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች አንገቷን አቅንታ የቆመውን መኪና ታያለች። ሦስተኛውን ሲገለብጥ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ቦቴ ሞተሩን አስነስቷል፤ ግን ማርሽ አላስገባም።

«ቀጥል» አለ። «እስከ ዛፉ ድረስ ገና ብዙ ነው። አያለሁ።»